ከጋርመንት ወደ ሌላ ዘርፍ፦ የኤችአር (የሰው ሀብት) ኃላፊነትን ይዞ መሻገር (ሐዋሳ)

ሐይቅዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲኒየር የሰው ሀብት ኦፊሰር ነኝ። በሙያው 6 ዓመቴ ነው፤ ቅጥር፣ ፔሮል (የደመወዝ ዝርዝር)፣ ዲሲፕሊን፣ ለ1,200 ሠራተኛ። በ5 ዓመት ውስጥ የሰው ሀብት ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ፣ ግን ጋርመንት ውስጥ ብቻ አይደለም። አሁን ሁለት ዕድል አለ። አንዱ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለ ሪዞርት ነው፣ የሰው ሀብት ማናጀር፣ 180 ሠራተኛ። ሌላው የግል ሆስፒታል ነው፣ መደቡ አሁን ካለሁበት ጋር እኩል፣ ደመወዙም ያው ነው ማለት ይቻላል። የትኛው ወደ ዳይሬክተርነት ያቀርበኛል? ከፋብሪካ ይዤው የምሄደው ምንድን ነው፣ እንደ አዲስ የምማረውስ? ሥራውን የምታውቁት እባካችሁ በዝርዝር።

ታቦር ሥር፦

እህቴ፣ የተለመደው ምክር «ዘርፍና መደብ በአንድ ጊዜ አትቀይሪ» የሚል ነው። ሪዞርቱ ሁለቱንም ያስቀይርሻል። ቢሆንም እኔ ሪዞርቱን እላለሁ፤ ከ1,200 ወደ 180 መውረድ ለመማሪያ ጊዜ ይሰጣል።

ሳይቀየር የሚሄደው ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለፋብሪካውም፣ ለሪዞርቱም፣ ለግል ሆስፒታሉም አንድ ነው። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን፣ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ጡረታም (በራሱ አዋጅ) ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ። የሚቀየረው የሥራው ትርታ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ኦፕሬተር ስትቀር የስፌት መስመሩ ይንገዳገዳል፣ ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ሥራሽ ቁጥር መሙላት ነው። ሆቴል ውስጥ ሥራው እንደ ማዕበል ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ሠርግ፣ ሰኞ የድርጅቶች ስብሰባ፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ከተማው ሙሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሠርጉ ቀጥ ይላል። እዚያ ቁልፉ የሰው ብዛት ሳይሆን ሮስተር (የፈረቃ ድልድል) ነው። ማክሰኞ 40 አስተናጋጅ ቁጭ ብሎ ቅዳሜ ሰው ከጠፋ ጥፋቱ የቅጥር ሳይሆን የድልድል ነው።

ገና ከመግባትሽ እነዚህን እዪ።

ሰርቪስ ቻርጅ። እንግዳው ሂሳብ ላይ የሚጨመረው 10 በመቶ ማለት ነው። ክፍፍሉ በነጥብ ነው ወይስ በእኩል? ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ አሉበት? ለተሰበረ ዕቃ የሚያዝ መጠባበቂያ አለ? ሆቴል ውስጥ ጠብ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። በአዋጁ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ «ደመወዝ» ውስጥ አይቆጠርም፤ የስንብት ክፍያ ስታሰይ አታስገቢው። ሠራተኛው ግን በየወሩ ስለሚያገኘው እንደ ደመወዝ ነው የሚያየው። ስለዚህ አከፋፈሉ በወረቀት ይቀመጥ፣ በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የተሰበረ ብርጭቆና የካሸር ጉድለት። «ከደመወዝህ ይቆረጣል» ብሎ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሚፈረም)፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

የትርፍ ሰዓት ስሌት። ሥራ የጀመርሽ ቀን የባለፈውን ወር ፔሮል አውጥተሽ የአንድ ሰው ብቻ በእጅሽ አስይ። እንበል መሠረታዊ ደመወዙ 6,240 ብር ነው፤ 10 ሰዓት በቀን፣ 4 ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትርፍ ሠርቷል። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ማካፈያው 208 ነው (26 ቀን በ8 ሰዓት)፣ የሰዓቱ 30 ብር። የቀኑ 10 × 30 × 1.5 = 450። የሌሊቱ 4 × 30 × 1.75 = 210። ጥቅሉ 6,900። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ሠንጠረዥ 20 በመቶው 1,380፣ ሲቀነስ 500፣ ግብሩ 880 ብር። ጡረታው ከመሠረታዊው ብቻ 7 በመቶ፣ 436.80። እጁ የሚገባው 5,583.20። ብዙ ቦታ ግን ማካፈያው 240 (30 ቀን በ8 ሰዓት) ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ሰዓቱ 26 ብር። በአንድ ሰው በወር 88 ብር ነው የሚጎድለው። ትንሽ ይመስላል፤ በ180 ሰው በዓመት ሲደመር፣ ክስ ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሲጠየቅ ነው ጉዱ። በበዓል ቀንም መደበኛ ፈረቃውን የሠራ በ2፣ በዓል ላይ ትርፍ ሰዓት የሠራ በ2.5 ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚደፈጥጥ ፔሮል ብዙ ነው።

ፔሮሉ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ካገኘሽ በመጀመሪያው ወር ለጄኔራል ማናጀሩ በጽሑፍ አቅርቢ። በሦስተኛው ወር ካቀረብሽው ያንቺም ስህተት ሆኗል።

ማስታወሻ ደብተር፦

ታቦር ሥር ስለ ሆቴል ያሉት ልክ ነው፣ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። «ማናጀር» የሚለው ወረቀት አያሳስትሽ። 180 ሰው ያለው ቤት ውስጥ ማናጀር የሚባለው ብዙ ጊዜ የፋይል ካቢኔ ቁልፍ የያዘ ጸሐፊ ነው። ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት አራት ነገር ጠይቂ፦ ሪፖርት የማደርገው ለጄኔራል ማናጀሩ ነው ወይስ ለፋይናንስ ኃላፊ? የሰው ኃይል በጀት እኔ ነኝ የማዘጋጀው? ባለቤቱ ዘመድ ልኮ «ቅጠሪው» ቢል እምቢ የማለት ሥልጣን አለኝ? ከእኔ በፊት የነበረው ስንት ጊዜ ቆየ፣ ለምን ለቀቀ? ለመጀመሪያው «ለፋይናንስ»፣ ለሁለተኛው «በጀት የለንም» ከተባልሽ መደቡ በስም ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ በደመወዝ ምንም ባይጨምርም ከባለሙያ ጋር መሥራትን ያስተምራል። ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ሄደች፣ በሳምንት ሌላ ትመጣለች። የማደንዘዣ ባለሙያ ከሄደ ቀዶ ጥገናው ይቆማል። ሥራው የሚይዘው ይህን ነው፦ የእያንዳንዱን ባለሙያ የሙያ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን በአንድ ሰንጠረዥ መያዝና ከ90 ቀን በፊት ማስታወስ (ፈቃዱ ያለፈበት ነርስ መርፌ ከወጋች ተጠያቂው ቤቱ ነው)፤ ዲግሪና ዲፕሎማን ከሰጠው ተቋም በደብዳቤ ማረጋገጥ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መዝገብ፤ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ከናንተ ጋር ለሚሠራ ሐኪም የትርፍ ጊዜ ውል። ይህን የያዘ ሰው ሌላ ማንኛውም ባለሙያ የሚበዛበት ቤት ይቀበለዋል፣ ኮንስትራክሽንም ባንክም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲዳሙ አፎ ካልቻልሽ ጀምሪ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ከገጠር ወረዳ የመጣች ሠራተኛ ለምን እንደምትለቅ በራሷ ቋንቋ ካልጠየቅሻት «የቤተሰብ ጉዳይ» ትልሽና ትሄዳለች።

ሐይቅዳር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የ240ው ነገር አስደንግጦኛል፣ ነገውኑ የኛንም አያለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ሲቪዬ ላይ ስድስቱም ዓመት «ጋርመንት» ስለሚል ከባንክም ከኤንጂኦም የሚደውልልኝ የለም። ምን ብዬ ብጽፈው ነው?

ጉዱማሌ፦

ሲቪሽ ላይ አሁን ያለው «ቅጥር አከናውኛለሁ፣ ፔሮል ሠርቻለሁ» የሚል እንደሆነ እገምታለሁ። ያ የሥራ መዘርዝር ነው፣ የሁሉም ሰው አንድ ነው። ቅጥር የሚወስነው ሰው የሚፈልገው ችግር፣ የወሰድሽው እርምጃና ቁጥር ነው።

ፍልሰትን (ሥራ የሚለቁትን) ልውሰድ፣ ጋርመንት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ስለሌለ። ቀመሩ የለቀቁት ብዛት ለአማካይ የሠራተኛ ቁጥር ተካፍሎ በመቶ ነው። ወሩ ሲጀምር 1,200፣ ሲያልቅ 1,160 ከሆነ አማካዩ 1,180። 118 ከለቀቁ የወሩ ፍልሰት 10 በመቶ። ይህን ብቻ የሚጽፍ ብዙ ነው። አንቺ ከ118ቱ ስንቶቹ 60 የሥራ ቀን ሳይሞላቸው እንደለቀቁ ለይ። 70 ከሆኑ ችግሩ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ቅጥሩ ላይ የተሰጠው ተስፋ፣ የቤት ኪራይና የመጀመሪያ ሳምንት አቀባበል ነው። ቀሪዎቹ 48ቱ ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ከሆኑ ሱፐርቫይዘሩንና ዕድገቱን እዪ። ሲቪ ላይ እንዲህ ይገባል፦ «በ60 የሥራ ቀን ውስጥ የሚለቁ አዲስ ሠራተኞችን ለይቼ በማጥናት፣ የቅጥር ገለጻውንና የመኖሪያ መረጃውን በመቀየር ከ… ወደ … ዝቅ አድርጌያለሁ»። ቁጥሩን ከራስሽ መዝገብ ሙዪው፣ አትፍጠሪው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት አሰላሽው?» ይባላል። «ጋርመንት» የሚለው ቃል ከመስመሩ ቢወጣም ባንኩ ይረዳዋል።

የዳይሬክተርነት ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ አራት ነገር ይመጣል፦ የደመወዝ ስኬል ሠርተሻል? የኅብረት ስምምነት ተደራድረሻል? የሰው ኃይል በጀት ይዘሻል? የሠራተኛ ቅነሳ መርተሻል? አሁን ባለሽበት ቅጥርና ዲሲፕሊን ነው የሚበዛው፣ እነዚህ ይጎድላሉ። ስለዚህ ሪዞርቱና ሆስፒታሉ የሚመዘኑት ከአራቱ የትኛውን እንደሚሰጡሽ ነው። ስኬል ከሌለው ቤት ገብቶ መሥራት ትልቅ ዕድል ነው። አሠራሩ፦ መደቦቹን ሁሉ ዘርዝሪ፤ በእውቀት፣ በኃላፊነት፣ በድካምና በሥራ አካባቢ ነጥብ ስጪ፤ ነጥቡ የተቀራረበውን በአንድ ደረጃ አድርጊ፤ ከተማው ውስጥ ካሉ አምስት ስድስት አሠሪዎች ለተመሳሳይ መደብ የሚከፈለውን ሰብስቢ። ለአንድ ደረጃ መነሻው 8,000፣ ጣሪያው 12,000 ቢሆን አማካዩ 10,000 ነው፣ በመካከል በ500 ብር እርከን ትከፍይዋለሽ። ቀጣዩ ደረጃ አማካዩ 15 በመቶ ከፍ ቢል 11,500፣ መነሻው 9,200፣ ጣሪያው 13,800 ይሆናል።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ አዲሱ ስኬል ሲወጣ ከጣሪያው በላይ የሚከፈላቸው አሮጌ ሠራተኞች ይገኛሉ። ደመወዛቸውን መቀነስ አይታሰብም። ባሉበት ይቆዩ፣ ጭማሪ ሲመጣ ስኬሉ እስኪደርስባቸው ይጠብቁ፣ ይህም በደብዳቤ ይነገራቸው። ይህን ሳይወስን ስኬል ያጸደቀ ቤት በሁለተኛው ወር መልሶ ያፈርሰዋል።

የኤንጂኦውን ነገር በአጭሩ። በየዓመቱ የሚታደስ ውል የተለመደ ነው፣ ግን አዋጁ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቅደው ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። ሥራው በባሕርዩ ቋሚ ከሆነ ስሙ «ኮንትራት» መሆኑ አያድንም። ገንዘቡም አስተማማኝ እንዳይመስልሽ፦ በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ ስንት ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት እንደተዘጋ ሁሉም አይቷል። ጋርመንቱም ቢሆን በታኅሣሥ 2014 የአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ) ዕድል ሲቋረጥ ያው ነው የሆነው።

ሰርተፊኬት? ሲአይፒዲ ወይም ፒኤችአርአይ (የውጭ አገር የሰው ሀብት ሙያ ምስክር ወረቀቶች ናቸው) ለዓለም አቀፍ ድርጅት ይጠቅማል። ለአገር ውስጥ አሠሪ ብለሽ ግን ገንዘብሽን አታውጪ፣ መጀመሪያ አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቢ።

ችሎት ታዛቢ፦

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር። የሰው ሀብት ማናጀር ስትሆኚ አዋጅ 1156 ራስሽን ላይሸፍንሽ ይችላል። አንቀጽ 3 «የሥራ መሪ»ን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል፤ የሥራ መሪ ማለት የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው። እሱ ነው እንግዲህ ያንቺ ሥራ። መመዘኛው የመደቡ ስም ሳይሆን በተጨባጭ የያዝሽው ሥልጣን ነው።

ውጤቱ ምንድን ነው? ዛሬ ኦፊሰር ሆነሽ ያለ በቂ ምክንያት ብትሰናበቺ የአዋጁ ጥበቃ አለሽ። ማስጠንቀቂያ አለ፤ የስንብት ክፍያም አለ፣ ለ5 ዓመት አገልግሎት የ70 ቀን ደመወዝ (30 ለመጀመሪያው፣ ለቀጣዮቹ አራት ዓመታት የየዓመቱ 10)። ማናጀር ሆነሽ ግን የምትዳኚው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በውልሽ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜ (ሁለት ወይም ሦስት ወር)፣ የስንብት ክፍያው ቀመር፣ የዓመት ፈቃድ ቀንና ካልወሰድሽው የሚከፈልበት መንገድ፣ በሕመም ጊዜ የሚከፈለው፣ ቦነስ ካለ መመዘኛው። «በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ሊያልፉ ይሞክራሉ፤ አትቀበዪ። እያንዳንዱ ነገር በቁጥር ይግባ። ለሌላው ውል ስታረቅቂ የኖርሽ ሰው የራስሽን ሳታነቢ ብትፈርሚ ያሳዝናል።

ከፋብሪካ ይዘሽው የምትሄጂው የዲሲፕሊን ልማድ ላይም አንድ ማስጠንቀቂያ። ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ይታገዳል። ጋርመንት ውስጥ ጉዳዩ መቅረትና ማርፈድ ስለሆነ ቀኑ አያልፍም፤ ወረቀቱ ተሟልቶ ነው የሚመጣው። ሆቴልና ሆስፒታል ውስጥ ግን ገንዘብ ጠፋ፣ መድኃኒት ጎደለ፣ ፖሊስ ምርመራ ጀመረ፣ ኦዲት ይጠበቅ ይባላል። ያኔ ነው 30ው ቀን ሳይታወቅ የሚያልቀው። ሠራተኛው ጥፋተኛ ሆኖ እንኳ ቤቱ ይረታል። የዲሲፕሊን ፋይሉ ሽፋን ላይ «የታወቀበት ቀን» እና «30ኛው የሥራ ቀን» ብለሽ በቀይ ጻፊ። ለማጣራት ሠራተኛውን ማገድ ይቻላል፣ እገዳውም ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ሐይቅዳር፦

ስለ ሥራ መሪው ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር። ሪዞርቱ የላከው ረቂቅ ውል ላይ በትክክል ያቺ «በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት» የምትለው መስመር አለች። የደመወዝ ስኬልም የላቸውም፤ «ጉዱማሌ» እንዳሉት ከሆነ ይሄ ጥሩ ነው ማለት ነው? ሪፖርቱ ለጄኔራል ማናጀሩ ነው፣ በጀቱን ግን ፋይናንስ ነው የሚይዘው።

ማስታወሻ ደብተር፦

ለጄኔራል ማናጀሩ ከሆነ ተቃውሞዬን አለዝባለሁ። በጀቱን ግን ከመግባትሽ በፊት ተደራደሪ፤ ከገባሽ በኋላ ማንም አይሰጥሽም። «የመጀመሪያውን ስድስት ወር ስኬል እሠራለሁ፣ ለዚያ የሰው ኃይል ወጪውን በየወሩ ማየት አለብኝ» በያቸው። እምቢ ካሉ ለሆስፒታሉ ደውይላቸው።

ጉዱማሌ፦

አዎ፣ ስኬል አለመኖሩ ላንቺ ጥሩ ነው፤ ባለቤቱ እንዲሠራ ከፈለገ። «እናስብበታለን» ካለ አይፈልግም ማለት ነው።

የልምድ ደብዳቤሽን ደግሞ ከመልቀቅሽ በፊት ረቂቁን አሳይተሽ አስጨርሺ። የያዝሻቸው መደቦች እያንዳንዳቸው ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ግብር መከፈሉ ይጻፍበት። ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት የግል ልምድን የሚቆጥሩት የግብሩ መረጃ ሲኖር ነው፤ «ከ2012 እስከ 2018 ሠርታለች» ብቻ የሚል ደብዳቤ ስድስቱንም ዓመት በመጨረሻው መደብ ወይም በመጀመሪያው መደብ ያስቆጥርብሻል፣ እንደ አንባቢው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ ውጪ፣ ክሊራንሱንም (ዕቃና ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያረጋግጠውን ወረቀት) ሳትጨርሺ አዲሱ ቦታ እንዳትጀምሪ፤ የሰው ሀብት ሰው ሳይሰናበት ጠፋ ከተባለ ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት።